ዘጠኝ ቁጥር ላይ የሚንቀጠቀጠው ሰከንድ ቆጣሪ፦ የግድግዳ ሰዓት ውስጡ ምን አለ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የግድግዳ ሰዓታችን ሰከንድ ቆጣሪው ቁጥር 9 አካባቢ ሲደርስ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አያልፍም። ልንጥለው ነበር። የ12 ዓመት ልጄ ግን ከመጣሉ በፊት ፈትተን ውስጡን እንየው አለች። እኔ ስለ ኤሌክትሮኒክስ የማውቀው ነገር የለም። ውስጡ ምን ምን አለ? ብንፈታው አደጋ የለውም?»

ሰላም ለእርስዎም ለልጅዎም። በመጀመሪያ ሰዓቱን አይጣሉት። ደግሞም ገና አይፍቱት። ብሎን ከመንካትዎ በፊት ሰዓቱ ራሱ የሚነግርዎት ብዙ ነገር አለ።

የልጅዎ ሐሳብ ግን ግሩም ነው። በባትሪ ከሚሠሩ የቤት ዕቃዎች ለጀማሪ የሚሆን አንድ ምረጥ ብባል እኔም የምመርጠው የግድግዳ ሰዓት ነው። ያለው ጉልበት 1.5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ማንንም አይነዝርም። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው። ደግሞ ከኤሌክትሪክ እስከ እንቅስቃሴ ያለው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ስልክ ቢፈቱ የሚያዩት ዝም ያሉ ጥቁር ቺፖችን ነው። ሰዓት ውስጥ ግን ከአንዲት ጥቁር ጠብታ በቀር ሁሉንም በዓይን መከተል ይቻላል።

ዕቃ ሲፈታ አብዛኛው ሰው «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» እያለ ስም ይለቅማል። በስም ልቀማ ብዙም አይማሩም። ከዚያ ይልቅ ጉልበቱን ይከተሉት። ከድንጋዩ (ከባትሪው) ተነስቶ ቆጣሪው ጫፍ እስኪደርስ በየት በየት ያልፋል? የት ጋ ይደክማል? ይህን ጥያቄ ይዘው ከገቡ ሰዓትዎ ለምን ሌላ ቦታ ሳይሆን 9 ላይ እንደሚቆም ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

እስቲ ከዚሁ ከ9 እንጀምር። ሰከንድ ቆጣሪው 12 ላይ ሲሆን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክብደቱ ያረፈው ዘንጉ ላይ ነው። ከ12 ወደ 6 ሲወርድ ቁልቁለት ነው። የገዛ ክብደቱ ያግዘዋል። ከ6 በኋላ ዳገት ይጀምራል። የዳገቱ ክፉ ቦታ 9 ነው፤ ምክንያቱም ቆጣሪው አግድም ተዘርግቶ ክብደቱ ከመሐል ዘንጉ በጣም የሚርቀው እዚያ ላይ ነው። ከቆጣሪው ኋላ አጭር ጭራ ያለው ይህን ክብደት ለማመጣጠን ነው፤ ርካሽ ሰዓቶች ላይ ግን ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ ጉልበት ያነሰው ሰዓት ሌላውን ዙር እንደምንም ይወጣና 9 አካባቢ ይሸነፋል።

ይህን ለማረጋገጥ ምንም መፍታት አያስፈልግም። ሰዓቱን ከግድግዳ ያውርዱና ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት። አሁን ዳገትም ቁልቁለትም የለም። ቆጣሪው 9ን አልፎ ከሄደ ጉዳዩ የጉልበት ማነስ ነው። ተጋድሞም እዚያው ቦታ ላይ ከተንቀጠቀጠ ግን የሚያግደው ነገር አለ ማለት ነው፦ ቆጣሪው መስታወቱን ይነካል፣ ወይ ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ይፋተጋል፣ ወይ ደግሞ ውስጥ ባሉት ጎማዎች (ባለ ጥርስ መሽከርከሪያዎች) ጥርስ መሐል ቆሻሻ ገብቷል። ይህችን ሙከራ ልጅዎ ራሷ ትሥራት። ውጤቱን ከማየቷ በፊት ምን እንደሚሆን እንድትገምት ይጠይቋት።

ጉልበት አንሶ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ድንጋዩ ነው። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለዎት ይለኩት። አዲስ አልካላይን ድንጋይ ምንም ሳይያያዝበት 1.5 ወይም 1.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 1.2 አካባቢ ከወረደ ለሰዓት ጡረታ ወጥቷል ይበሉት። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። ያረጀ ድንጋይ ሥራ ሳይሰጠው ሲለካ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሰዓቱ «ግፋ!» ሲለው ግን ቮልቱ ዝቅ ይላል። ሲያረጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመግታት ባሕርዩ) ስለሚጨምር የራሱን ጉልበት ራሱ ይበላዋል። ስለዚህ ቴስተሩ ደህና ነው ቢልም በአዲስ ድንጋይ መሞከር ይሻላል።

ቀጥሎ የድንጋዩን ማረፊያ ይዩ። ብረቶቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ድንጋዩ አፍስሷል። አልካላይን ድንጋይ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ለዓይን ደግሞ መጥፎ ነው። ጓንት ያድርጉ። ጥጥ በትንሽ ኮምጣጤ አርሰው ይጥረጉት፤ ፈሳሹ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ የኮምጣጤው አሲድ ያረክሰዋል። ከዚያ በእርጥብ ጥጥ ይድገሙትና በደንብ ያድርቁት። ብዙ «የሞተ» ሰዓት የሚነሳው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

አዲስ ድንጋይ አስገብተው ሰዓቱ ቢሠራ እሰየው። ልጅዎ ግን ቅር ሊላት ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ጨርሶ የማይሠራ ሌላ ሰዓት ፈልጉና እሱን ፍቱት። ማንም በማይጠብቀው ዕቃ ላይ እጅ ይዝናናል፤ ያልተጨነቀ እጅ ደግሞ ብዙም አይሰብርም።

ስለ አደጋ ጠይቀዋል። ሰዓቱ ራሱ ኤሌክትሪኩ አያስፈራም። የሚያሰጋኝ ልጅዎ በሰዓቱ ተደፋፍራ ነገ ሌላ የባትሪ ዕቃ ልትከፍት መቻሏ ነው። «ባትሪ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የካሜራ ፍላሽ በሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ግን 300 ቮልት አካባቢ ያጠራቅማል፤ ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ይዞት ይቆያል። የወባ ትንኝ መግደያው ራኬት ከዚያም ይብሳል፤ ሽቦዎቹ ላይ ያለው ቮልት በሺዎች ነው። ቻርጅ የሚደረጉ ዕቃዎች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ቮልቱ 4 አካባቢ ቢሆንም ከተወጋ ወይም ከታጠፈ ይነድዳል። እነዚህን ሦስቱን ለጀማሪ አልመክርም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰዓቱ ውስጥ በጣም ትንሽ ማግኔት አለ። ቤት ውስጥ ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ካለ ማግኔቷም፣ ከሌላ ዕቃ የሚወጡ ክብ የአዝራር ባትሪዎችም ከእጁ ይራቁ። የተዋጠ የሊቲየም አዝራር ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።

እሺ፣ እንፍታው። የሚያስፈልግዎት ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቢቻል የፕላስቲክ ወረንጦ፣ ነጭ ጨርቅ እና የስልክዎ ካሜራ ነው። ነጩ ጨርቅ የሚነጠፈው ዘሎ የሚወድቅ ትንሽ ዕቃ እንዳይጠፋ ነው። በየደረጃው ፎቶ አንሱ። አሁን ግልጽ የሚመስለው ነገር ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ድንጋዩን ያውጡ። መስታወቱንና ክፈፉን ያንሱ። ሰከንድ ቆጣሪው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ተጭኖ ነው የተቀመጠው። ከሁለት ወገን በጥፍርዎ ይያዙትና ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። አያጣምሙት፤ ዘንጉ ከጎበጠ በኋላ አይቀናም። ደቂቃ ቆጣሪው አንዳንዱ ሰዓት ላይ በትንሽ ዳዶ ይታሰራል፣ አንዳንዱ ላይ እንዲሁ ተጭኖ ነው። ከሥሩ ሰዓት ቆጣሪው አለ። ሦስቱም ሲነሱ ማሽኑን ከፊቱ ጋር ያሰረው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ይታያል። እሱን በፒንሳ ፈትተው ሮንዴላውን ሲያነሱ ማሽኑ ከጀርባ ይወጣል። ጎኑ 5.5 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሰዓቱ የቱንም ያህል ትልቅ ይሁን፣ ሥራውን የሚሠራው ይህቺ ሳጥን ናት። የቀረው ጌጥ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ሳጥኗ ብዙውን ጊዜ ብሎን የላትም። በፕላስቲክ መንጠቆዎች ነው የተዘጋችው። ሰዓት መሙያው መዘውር ያለበትን ወገን ወደ ላይ ያድርጉ፣ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ጫፍ ላላ ያድርጉ፣ ክዳኑን በዝግታ ቀጥ አድርገው ያንሱ። በችኮላ ከተነሳ ጎማዎቹ ክዳኑን ተከትለው ይበተናሉ። ያን ጊዜ የትኛው የት እንደነበር የሚያውቀው ፎቶው ብቻ ነው።

አሁን ጉልበቱን እንከተል።

ከድንጋዩ ማረፊያ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ወደ አንዲት ትንሽ ቦርድ ይሄዳሉ። ቦርዷ ላይ ሁለት ነገር ይታያል፦ ጥቁር ጠብታ እና ብር የመሰለች ቀጭን ሲሊንደር። ሲሊንደሯ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ብትረዝም ነው። ሰዓቱን ሰዓት ያደረገችው ግን እሷ ናት።

ውስጧ የኳርትዝ ክሪስታል አለ። ኳርትዝ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ያው ማዕድን። እ.ኤ.አ. በ1880 ፒየር እና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች እንዲህ ያሉ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳዩ ደረሱበት። የተገላቢጦሹም ይሠራል፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው በጥቂቱ ቅርፃቸውን ይለውጣሉ። ሰዓቱ ውስጥ ያለው ክሪስታል ሁለት ጣት ባለው ሹካ ቅርፅ የተቆረጠ ነው። ጥቁሯ ጠብታ ሥር ያለው ቺፕ በኤሌክትሪክ ሲነካካው ጣቶቹ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባሉ። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20,000 ገደማ ድረስ ስለሚሰማ ይህን ማንም አይሰማውም።

ለምን 32,768? ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ልጅዎ ወረቀት ታምጣና ለሁለት ታካፍለው፦ 16,384፣ 8,192፣ 4,096 እያለች ትውረድ። በ15ኛው ማካፈል ላይ 1 ትደርሳለች። ቺፑ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ለሁለት ማካፈል ለኤሌክትሮኒክስ እጅግ ቀላል ሥራ ስለሆነ 15 ተመሳሳይ ማካፈያዎች ተከታትለው በሰከንድ አንድ ምት ያወጣሉ። ክሪስታሉ ከዚህ የዘገየ ቢሆን በጣም ትልቅ መሆን ነበረበት። የፈጠነ ቢሆን ደግሞ ቺፑ ድንጋዩን ቶሎ ይጨርሰው ነበር። 32,768 የሁለቱ መሐል ናት።

የመጀመሪያው የኳርትዝ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1927 በቤል ላቦራቶሪዎች በዋረን ማሪሰን እና በጄ ደብሊው ሆርተን ሲሠራ ግዙፍ የላቦራቶሪ ዕቃ ነበር። እጅ ላይ እስኪታሰር 42 ዓመት ፈጀ፤ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የእጅ ሰዓት ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ነው። ዛሬ ያው አሠራር ማንም ዞር ብሎ በማያየው የወጥ ቤት ሰዓት ውስጥ አለ።

ጥቁሯ ጠብታ ቺፑን የሸፈነች ጠንካራ ማጣበቂያ ናት። ለመፋቅ አይሞክሩ፤ ቺፑ አብሮ ይሰበራል፣ የሚታይም ነገር አያገኙም። ሥራዋን ማወቅ ይበቃል፦ ክሪስታሉን ታርገበግባለች፣ ታካፍላለች፣ በመጨረሻም በየሰከንዱ አንዲት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ወደ ጥቅሉ ሽቦ ትልካለች። አንድ ሰከንድ ለ1,000 ቢከፈል የምቱ ርዝመት ከ30 እስከ 50 ክፍል ገደማ ነው። በተረፈው ጊዜ ጥቅሉ ያርፋል። አሁን የምነግርዎት ነገር ለኋላ ስለሚጠቅመን ያዙት፦ ምቱ አቅጣጫ ይቀያይራል። በዚህ ሰከንድ ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ በሚቀጥለው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

ጥቅሉ ከቦርዷ ጋር የተያያዘው መዳብ መሳዩ ነገር ነው። ሽቦው ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መዳብ ነው፣ በቫርኒሽ ተሸፍኗል፣ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሟል። ካቻቢቴ አያስጠጉት። አንዲት ቦታ ከተበጠሰ አለቀ። በቴስተር ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ቢለኩ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል፤ ሰዓቱም የሞተው በዚህ ነው።

ከጥቅሉ መሐል የሚያልፍ ብረት አለ። ጫፎቹ አንዲት ክብ ቀዳዳ ዙሪያ ይገናኛሉ። ቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ቆማለች፤ አንድ ወገኗ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ። የብረት ወረንጦ ካስጠጉ ዘላ ትለጠፍበታለች። የፕላስቲክ ወረንጦ ያልኩት ለዚህ ነው። ይህን ሞተር የፈጠረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማሪየስ ላቬ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1936። በኋላ የመጡት የኳርትዝ ሰዓቶች ይህንኑ ሞተር ወረሱ።

አሠራሩን ማየት ከፈለጋችሁ ዳግም ላይሠራ በቆረጣችሁለት ማሽን ላይ ይህን ሞክሩ። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ማግኔቷና ጎማዎቹ ቦታቸው ላይ ይሁኑ። ጥቅሉ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ነጥቦች ይታያሉ። ከአንድ ድንጋይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አምጥታችሁ ነጥቦቹን ለቅጽበት ንኩ። ማግኔቷ ግማሽ ዙር ትዘላለች። እንደገና በዚያው አቅጣጫ ንኩ። አሁን ንቅንቅ የለም! ድንጋዩን አገላብጣችሁ ንኩ። ግማሽ ዙር። እንደገና አገላብጡ። ሌላ ግማሽ ዙር። ልጅዎ እዚህ ላይ ቺፑ ለምን አቅጣጫ እንደሚቀያይር ያለማንም ማብራሪያ ይገባታል። አንድ ደቂቃ ያህል እሷ ራሷ ቺፑን ሆና መሥራት ትችላለች።

«ታዲያ ወደ ኋላ ለምን አትዞርም?» ብላ ትጠይቅ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀዳዳዋን በደንብ ካያችሁ ፍጹም ክብ አይደለችም። ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች አሏት፣ ወይም ሁለቱ ግማሾቿ በትንሹ ተዛንፈዋል። በዚህ ምክንያት ማግኔቷ ስታርፍ ከብረቱ ትይዩ ሆና አትቆምም፤ ወደ አንድ ወገን ዘመም ትላለች። ምቱ ሲመጣ ለመዞር የሚቀልላት ወደዚያ ወገን ነው።

አሁን መንቀጥቀጡ ሊገባን ነው። ምቱ ደካማ ሲሆን ማግኔቷ ትነሳለች፣ ግማሽ ዙሩን ግን አትጨርስም፣ ወደነበረችበት ትመለሳለች። ዓይንዎ የሚያየው ያቺን ጅምር ነው። ቀጣዩ ምት ደግሞ የተገላቢጦሽ ስለሆነ እሷ ላለችበት ቦታ የተሳሳተ ምት ነው፤ አያራምዳትም። ትክክለኛው ምት የሚመጣው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉልበት ያነሰው ሰዓት የሚዘገየው አንድ አንድ ሰከንድ እየጣለ ሳይሆን ጥንድ ጥንድ እየጣለ ነው። አንድ እርምጃ በሳተ ቁጥር ሁለት ሰከንድ ያልፈዋል።

የቀረው የጎማዎቹ ነገር ነው። ማግኔቷ በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ትዞራለች። ሰከንድ ቆጣሪው አንድ ዙር እስኪጨርስ እሷ 30 ጊዜ ትዞራለች። ደቂቃ ቆጣሪው ከሰከንድ ቆጣሪው 60 ጊዜ ይዘገያል፤ ሰዓት ቆጣሪው ከደቂቃ ቆጣሪው 12 ጊዜ። አባዙት፦ 30 በ60 በ12፣ 21,600። ሰዓት ቆጣሪው ፊቱን አንዴ ሲዞር ማግኔቷ 21,600 ዙር ዞራለች። ጥርሶቹን ቆጥራችሁ ይህን ቁጥር ማግኘት ትችላላችሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለዝናባማ ቅዳሜ ግን የሚሆን ሥራ ነው።

ጎማዎች ፍጥነት ሲቀንሱ ጉልበት ይጨምራሉ። ሰዓት ቆጣሪው ጋ ሲደረስ ፍጥነቱ ምንም ነው፣ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው። ሰከንድ ቆጣሪው በተቃራኒው ለማግኔቷ በጣም ቅርቡ ነው፣ ስለዚህ ከሦስቱ ያነሰ ጉልበት የሚደርሰው እሱ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ረጅም ነው። እንግዲህ የጥያቄዎ መልስ ተሟላ፦ ድንጋይ ሲደክም ምቱ ይደክማል፣ ምቱ ሲደክም ቀድሞ የሚሸነፈው ሰከንድ ቆጣሪው ነው፣ የሚሸነፈውም ዳገቱ ላይ፣ 9 አካባቢ ነው። ማረጋገጫ ከፈለጉ ሰከንድ ቆጣሪውን ብቻ ነቅለው ሰዓቱን መልሰው ይስቀሉት። ደቂቃው በትክክል ከሄደ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሰከንድ ባያስፈልግዎት እንደዚያው ትተውት መኖርም ይችላሉ።

በነገራችን ላይ ከጀርባ ያለውን መዘውር ሲያዞሩ ሰከንድ ቆጣሪው የማይነቃነቀው ለምንድን ነው? ደቂቃውን የሚይዘው ጎማ ዘንጉ ላይ በሰበቃ ብቻ ስለሚቀመጥ ነው። በእጅ ሲገፋ ይንሸራተታል፣ በማሽኑ ሲገፋ ግን አብሮ ይሄዳል።

አንድ ድንጋይ ስንት ጊዜ ማገልገል እንዳለበትም ራሳችሁ አስሉ። የጥቅሉ ሬዚስታንስ 200 ኦም ነው እንበል። 1.5 ቮልት ለ200 ሲካፈል 7.5 ሚሊአምፔር ይሆናል። ምቱ ግን የሚቆየው የሰከንድ 1/32ኛ ከሆነ አማካዩ 0.23 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ባለ ደብል ኤ መጠን አልካላይን ድንጋይ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል ብንል ከ10,000 ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ከዓመት ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። የእናንተ ሰዓት በሦስት ወር ድንጋይ የሚጨርስ ከሆነ አንድ ቦታ ጉልበት እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ድንጋዩ ሲገዛም አርጅቶ ነበር። ቆጣሪያቸው ሳይዘል እየተንሸራተተ የሚሄድ ድምፅ የለሽ ሰዓቶች በሰከንድ ብዙ ምት ስለሚልኩ አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ይበላሉ።

ስለ ትክክለኛነቱ አንድ ነገር ብቻ። ሹካ መሰሉ ክሪስታል የሚመቸው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ ቢሞቅም ቢበርድም ይዘገያል። 5 ዲግሪ ላይ በቀን ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይዘገያል። ምድጃ አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር ድንጋዩን ብቻ አይውቀሱ።

መልሰው ሲገጥሙ ጥርሶቹ መሐል የገባ ፀጉር ወይም የጨርቅ ቃጫ ካለ በወረንጦ ያውጡ። ዘይት ግን አይቀቡ። እነዚህ የፕላስቲክ ጎማዎች ያለ ዘይት እንዲሠሩ ነው የተሠሩት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ያጣብቃቸዋል። ክዳኑን ሲዘጉ በግድ አይጫኑ። አልገጥም ካለ የአንዱ ጎማ ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም። በወረንጦ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይገባል። ሰዓት ቆጣሪውን በትክክል 12 ላይ ያድርጉ፣ ደቂቃውን ከላዩ 12 ላይ፣ ሰከንዱን በመጨረሻ። ሦስቱ እንዳይነካኩ ከጎን ዝቅ ብለው ይዩ። መስታወቱን ከመመለስዎ በፊት መዘውሩን አዙረው ሙሉ 12 ሰዓት ያስኬዱት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም 9 ላይ ከተንቀጠቀጠ ማሽኑን ብቻ ይቀይሩ። ለብቻው ይሸጣል፤ ፊቱና ክፈፉ የድሮው ሆኖ ይቀራል። ሲገዙ የዘንጉን ርዝመት ይለኩ፤ ከሰዓቱ ፊት ውፍረት አልፎ ዳዶውን ለማሰር መብቃት አለበት። የቆጣሪዎቹ ቀዳዳም ከአዲሱ ዘንግ ጋር ይግጠም። ቆጣሪዎችዎ ረጃጅምና ከባድ ከሆኑ ጉልበቱ ከፍ ያለውን ማሽን ይጠይቁ። የድሮውን ማሽን ለልጅዎ ይተዉላት፤ ጥርስ የመቁጠሩ ሥራ ገና አላለቀም።